ምድርን ከሰማይ የማየት ጥቅምና የሕዝብ ገንዘብ



በቀደመው ዘመን ነጋዴ አሞሌና ቡና ጭኖ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር፣ በየኬላው እየቆመ ቀረጥ ይከፍል እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ኬላው ለባለቤቱ ጥቂት ገንዘብ ያስገኝለት ነበር፤ ነገር ግን ኬላ በበዛበት መንገድ ነጋዴው እያነሰ ገበያውም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ዛሬ የማሰማችሁ ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ኬላው የቆመው በምድር መንገድ ላይ ሳይሆን፣ በሕዝብ ገንዘብ ተሠርታ ምድርን ከሰማይ በምትመለከት ሳተላይት ሥዕል ላይ መሆኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1966 የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የአገር ውስጥ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል፣ የምድርን ሀብት ከሕዋ የሚመረምር ሳተላይት እንዲሠራ መታሰቡን ገለጡ። የሐሳቡ ዋና ደጋፊ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ኀላፊ የነበሩት ዊልያም ፔኮራ ነበሩ። የበጀት ሹማምንት ግን በአውሮፕላን ማንሣት ይረክሳል ሲሉ ተቃወሙ፤ የጦሩም ክፍል ምስጢር እንዳይገለጥ ሠጋ። ከስድስት ዓመት ክርክርና ሥራ በኋላ፣ በሐምሌ 23 ቀን 1972፣ ኋላ ላንድሳት የተባለችው ሳተላይት ከካሊፎርኒያ ተወነጨፈች። ፔኮራ ግን ከአራት ቀን በፊት ዐርፈው ስለ ነበረ የድካማቸውን ፍሬ ለማየት አልታደሉም።

ሳተላይቷ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይዛ ነበር። አንደኛው ዋና የተባለው ካሜራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቨርጂኒያ ኖርዉድ የተባሉ ሴት መሐንዲስ የነደፉትና ለሙከራ ያህል የተጨመረ ነበረ። ይህ ሁለተኛው መሣሪያ በሚወዛወዝ መስተዋት ምድርን እየጠረገ ብርሃኑን በአራት ክፍል ለይቶ ይመዘግባል፤ ከአራቱም ሁለቱን የሰው ዓይን አያያቸውም። ጤናማ ቅጠል ይህን የማይታይ ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ፣ የለመለመው ቡቃያ ከጠወለገው በሥዕሉ ላይ ተለይቶ ይታወቃል። ዋናው ካሜራ በኤሌክትሪክ ጉድለት ምክንያት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራውን ሲያቆም፣ ተጨማሪ የተባለው ሥራውን ሁሉ ተሸከመ። አንዱ ሥዕል በየጎኑ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ምድር ይይዛል፤ ሳተላይቷም በየ18 ቀኑ ወደዚያው ስፍራ ትመለሳለች።

ጥቅሙ ለመታየት አልዘገየም። በዚያው በ1972 ሶቪየት ኅብረት የስንዴ ምርቷ ጎድሎባት ከአሜሪካ እጅግ ብዙ እህል ገዝታ ነበር፤ ሻጮቹ ግን የጉድለቱን መጠን በጊዜው አላወቁም፤ ኋላም የስንዴ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። በዚህ ምክንያት በ1974 የሰብል ግምት ሙከራ ተጀመረ፤ በ1977ም የሶቪየት ስንዴ ከታሰበው በታች መሆኑን ከሳተላይት ሥዕልና ከአየር ሁኔታ መረጃ አስቀድሞ ለመገመት ተቻለ።

ከዚህ በኋላ ኬላው ቆመ። ሥዕሉ ይህን ያህል ከጠቀመ ወጪውን ራሱ ይቻል የሚል ሐሳብ አይሎ፣ በ1984 ሥራውን ወደ ንግድ የሚያዛውር ሕግ ወጣ፤ በ1985ም ሽያጩ ለግል ኩባንያ ተሰጠ። የአንዱ ሥዕል ዋጋ እስከ 4,400 ዶላር ደረሰ። ተማሪው፣ ተመራማሪውና ድኻው አገር ከገበያው ወጡ። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ገዢ ያልተገኘላቸው የዓለም ክፍሎች ሥዕል ሳይነሣላቸው መቅረቱ ነው። ያለፈ ዓመት ደግሞ ተመልሶ ሥዕል አይነሣም። በ1989 ማሠሪያ ገንዘብ በመጥፋቱ በሥራ ላይ የነበሩት ሳተላይቶች እንዲዘጉ እስከ መታዘዝ ተደርሶ፣ በመጨረሻው ሰዓት በተገኘ ገንዘብ ዳኑ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሊሆን ነበር።

በ1992 ሌላ ሕግ ወጥቶ ሥራው ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰ፤ በ1999 የተወነጨፈችው የላንድሳት 7 ሥዕል ዋጋም ወደ 600 ዶላር ወረደ። በ2008 ደግሞ መዝገቡ በሙሉ ያለ ዋጋ እንዲሰጥ ተወሰነ። ሽያጩ ከሁሉ በደራበት በ2001 በቀን 53 ያህል ሥዕል ይወጣ ነበር፤ ዋጋው ከተነሣ በኋላ ግን በቀን ወደ 5,700 ደረሰ። በ2013 የዓለምን ደን መጨመርና መቀነስ የሚያሳይ ካርታ በታተመ ጊዜ፣ ተመራማሪዎቹ ከ650,000 በላይ ሥዕሎች ተጠቅመዋል። ይህ ሁሉ በ600 ዶላር ይገዛ ቢባል ወጪው ከ390 ሚሊዮን ዶላር ያልፍ ስለ ነበረ፣ ካርታው ባልተሠራም ነበር።

የመንግሥት ጥናት ሥዕሎቹ በ2011 ለተጠቃሚዎች የሰጡትን ጥቅም 2.19 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ 3.45 ቢሊዮን ዶላር ሲል ገምቶታል። ይህ ግን ወደ ግምጃ ቤት የገባ ገንዘብ አይደለም፤ ተጠቃሚዎቹ ሥዕሉን ግዙ ቢባሉ ምን ያህል ይከፍሉ እንደ ነበረ ተጠይቀው የተገኘ ግምት ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይህን ልዩነት ልብ ሊል ይገባዋል። የሕዝብ ሥራ ትርፉ ሁልጊዜ በደረሰኝ አይታይም፤ በታረሰው መሬት፣ በተቆጠበው ውኃና በተረፈው ደን ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በአገራችንና በሱዳን ከደረሰው የ1984 እና የ1985 ረኃብ የተነሣ፣ አሜሪካ በ1985 የረኃብ ማስጠንቀቂያ ድርጅት አቋቁማ፣ ከአየር ጠባይ ሳተላይቶች የእርሻና የግጦሽ ልምላሜ እየተመዘነ ድርቅ አስቀድሞ እንዲታወቅ ተደረገ። ነገር ግን ሥዕል እህል አይጭንም፤ ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ በጊዜው የሚፈርምና የሚያንቀሳቅስ ሰው ያስፈልገዋል። በ2019 ኢትዮጵያም የራሷን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤታችን ካርታና መዝገብ ቈልፈን የያዝን ሁሉ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ሕዝብ አንድ ጊዜ የከፈለበትን ነገር ሁለተኛ ስናስከፍለው፣ የምንሰበስበው ቀረጥ ይበልጣል ወይስ የምናስቀረው ሥራ?