የደጋው ጉምና አይሮፕላን
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በክረምት ማለዳ ደብረ ማርቆስ የነበራችሁ ሁሉ ጉም ምን እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ሰው በአጥሩ ውስጥ የቆመውን ባሕር ዛፍ እንኳ ማየት ይሳነዋል። እግረኛ ቢሆን ቆም ብሎ ይጠብቃል፤ በቅሎ የተቀመጠም ልጓሙን ይስባል። አይሮፕላን ነጂ ግን በአየር ላይ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም።

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለውን ይህን አይሮፕላን ከጅቡቲ ያመጣው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። በዚያ ዘመን ነጂው መንገዱን የሚያውቀው ወንዙንና ተራራውን በዓይኑ እየተመለከተ ነው። ከዚህ በኋላ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ፥ መስከረም 14 ቀን 1922 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ አገር ጄምስ ዱሊትል መቀመጫው ተሸፍኖ ውጭውን ሳያይ፥ በመሣሪያ ብቻ ተመርቶ ተነሣ፤ ዞሮም በደኅና አረፈ። ለክፉ ጊዜ የሚሆን ሌላ ነጂ አብሮት ቢቀመጥም መሪውን አልነካም።

መሣሪያ ለምን አስፈለገ ቢሉ፥ በጉም ውስጥ የሰው ሰውነት ራሱን ስለሚያታልል ነው። አድማስ የጠፋበት ነጂ አይሮፕላኑ ወደ ጎን አዝምሞ ሲዞር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ስለዚህ ከስሜቱ ይልቅ መርፌውን ማመን አለበት። ነገር ግን መሣሪያውም ካልጠበቁት አይጠብቅም። ከፍታ መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ነውና፥ ግፊቱ በ10 ሚሊባር ቀንሶ ነጂው ሳያስተካክለው ቢቀር ከእውነተኛው ከፍታ 80 ሜትር ያህል አብልጦ ያሳየዋል። ይህ ስሕተት በተራራ አገር ይገድላል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጮቄ ተራራ ደግሞ 4,100 ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል። ለማረፍ ሞክሮ ያልቻለ ትንሽ አይሮፕላን ዳግመኛ ሽቅብ የሚወጣው በዝግታ ነው። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በተወሰነው ከፍታ ላይ ሜዳው ካልታየ ወዲያው ወደ ላይ መውጣት ይገባል። «ጥቂት ልውረድ፥ ምናልባት ይታየኝ ይሆናል» ማለት ጉም መዝገን ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ረኃብን በመታገል የታወቀው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ በትንሽ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር ሲጓዝ፥ አየሩ ተበላሽቶ ሳለ አይሮፕላኑ ከተራራ ጋር ተጋጨ። ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን የነበሩት 16 ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። አደጋው የደረሰው በማረፊያው ላይ ሳይሆን በጉዞ ላይ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ በደመና የተጋረደ ተራራ ከቦታው አልተነቀለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ጉሙ እስኪገፈፍ በአይሮፕላን ጣቢያ ተቀምጠህ ስትጠብቅ፥ ወይም ነጂው ሳያርፍ ወደ መጣበት ሲመልስህ አትቆጣ። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። በሰማይ ላይ ግን የፈሰሰ አይለቀምም።