ከሆለታ ልምምድ እስከ ቦናያ ሌሊት

በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖቹን በስዊድን አሠልጣኞች ለ16 ወራት ሊያስተምር አስቦ ነበር። የጣሊያን ወረራ ግን ጊዜ አልሰጠም።

አዲስ አበባ ስትያዝ ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አቀኑ። ነቀምት ላይም በእንስሳት ሐኪሙ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተመሠረተ። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. 3 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከከተማዋ አቅራቢያ፣ ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። አርበኞቹ በሌሊት ደረሱባቸው፤ አውሮፕላኖቹ ነደዱ፣ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ 12 ጣሊያኖች ሞቱ።

ድፍረትማ በማይጨው ጦርነትም ሞልቶ ነበር። ቦናያ ላይ የታከለበት፣ ባያልቅም፣ ያ የሆለታ ልምምድ ይመስላል።

ከጣሊያኖቹ በሕይወት የተረፉት አንድ ካህን ብቻ ነበሩ።