ከማሳ እስከ ገበያ፤ የጎንደር የቅባት እህል

ስለ ጎንደር ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሩት ከተማና ግንቡ ነው። በዚያው ከተማ ጾም በገባ ቍጥር የምግቡ ቅባት ከየት ይገኝ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኑግ የደንቢያ ሜዳ፥ ተልባ የወገራ ደጋ፥ ሰሊጥ ደግሞ የመተማ ቈላ አዝመራ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው ሰሊጥ ነው። ፍሬው የተቋጠረበት ቆብ ሲደርቅ ከጫፉ ስለሚከፈት፥ ጥቂት ቀን የዘገየ ገበሬ ሀብቱን መሬት ላይ ያጣዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይታጨድና ነዶው ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ይህንም ሂላ ይሉታል። ቆቡ ወደ ሰማይ ስለሚከፈት ፍሬው አይፈስም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። እኔ ይህን ብልሃት ከብዙ መኪና አስበልጠዋለሁ።

ኑግም በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፥ ተከምሮ፥ ተወቅቶ ወደ ጎታ ይገባል። ጎታው ከጭቃ፥ ከጭድና ከእበት የተሠራ ነው፤ ክረምቱን በደኅና የሚያሳልፈው ግን የገባው እህል በሚገባ የደረቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ምክንያቱን ልብ በሉ። ከሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ውሃ ከዘይት ጋራ አይዋሐድምና ያለው እርጥበት ሁሉ በቀረው ግማሽ ይከማቻል። ስለዚህ ለስንዴ ከመቶ 12 እጅ እርጥበት ቢፈቀድ፥ ለሰሊጥ ከ8 ማለፍ የለበትም። ካለፈ ይሞቃል፥ ይሻግታል፥ ዘይቱም ይመርራል።

በቀድሞው ዘመን በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ ይወርድ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ወርቅ፥ ዝባድ፥ ቡናና ሰም ይጭን ነበረ እንጂ በኑግ በቅሎውን አያደክምም ነበር፤ ክብደቱ ከዋጋው ይበልጣልና። የቅባት እህል በአህያ ተጭኖ ከቅርብ ገበያ እምብዛም አያልፍም ነበረ። ነገሩን የለወጠው የመኪና መንገድ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በሊማሊሞ ገደል መንገድ ሲጠረግ ጎንደር ከአሥመራና ከምጽዋ ወደብ ጋራ ተገናኘች፤ ጆንያውም ሩቅ መሄድ ቻለ።

ከጆንያው ጋራ ግን እርጥበቱም አብሮ ተጓዘ። በጎታ ውስጥ የአንድን ቤት እህል ብቻ ያበላሽ የነበረው፥ በመጋዘን የብዙ ገበሬ ድካም ላይ ይደርስ ጀመር። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፥ ቆይቶ ሰሊጥን በጨመረ ጊዜ፥ የእርጥበቱን ልክ በመሣሪያ እየለካ መረከብ ያዘ። መሣሪያው የሚያሳየው ቍጥር ግን አስቀድሞ በማሳው ላይ፥ ሂላው በቆመባቸው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የተወሰነ ነው። ወደ ሰማይ የተከፈተው ቆብ ፍሬውን እንደሚጠብቅ ሁሉ፥ በጥቅምት ዘግይቶ የመጣውንም ዝናብ ይቀበላል፤ የነጩም ሰሊጥ መልክ ያን ጊዜ ይጠፋል።