ንጉሥ የነበራት መንደር

«ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» የምትሉኝ ሁሉ፣ የዛሬው ወጌ ተረት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን ሐይቅ መሐል፣ ቢቨር የምትባል ደሴት አለች። ከሻርለቮይ ወደብ በመርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ሴንት ጄምስ መንደር ትደርሳላችሁ። ደሴቷ ላይ ክረምት ከበጋ የሚኖረው ስድስት መቶ ሰው ገደማ ነው። ሐይቁ በረዶ ሲሠራ መርከቡ ይቆማል፤ መግቢያ መውጫው ትንሽ አውሮፕላን ነው።

መንደሯ ስሟን ያገኘችው ከንጉሥ ነው። አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ ከነገሠ ሰው! ሞርሞን ከሚባለው እምነት የተገነጠለ ወገን መሪ የነበረው ጄምስ ስትራንግ፣ በ1850 እ.ኤ.አ. በዚችው ደሴት በተከታዮቹ ፊት ዘውድ ደፋ። ሕዝቡ ደን መነጠረ፣ መንገድ ጠረገ፣ ጋዜጣም አሳተመ። በ1856 ግን የከዱት ሰዎች ከኋላው ተኮሱበት። እሱ በሞት አልጋ ላይ ሳለ ከአካባቢው የመጣ የታጠቀ ሕዝብ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሞርሞኖችን መርከብ ላይ እየጫነ አባረረ። ሰው ሄደ፤ ጎጆና ማሳ ቀረ።

አሁን ውቅያኖሱን ተሻገሩልኝ። በአየርላንድ፣ በዶኒጎል ዳርቻ፣ አራንሞር የምትባል ደሴት አለች። በ1845 የአየርላንድን ድንች ምች መታው። በዚያ የረሃብ ዘመን በመላ አገሪቱ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። አራንሞርን የገዛው ባለርስት ጆን ቻርሊም ጭሰኞቹን ከቤታቸው አስወጣ። ከዚያች ደሴት የወጡ ዓሣ አጥማጆች፣ ወገን ወገኑን እየጠራ፣ ዞረው ዞረው ቢቨር ደረሱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከቀዬው የተነቀለ ሰው፣ ሌላው ተነቅሎ በሄደበት ቀዬ ጎጆ ወጣ። ከሁሉም በፊት ደግሞ በቢቨር ነባሩ የኦዳዋ ሕዝብ ነበር። ይህን ሳይናገሩ የደሴቷን ታሪክ ማውራት አይቻልም።

አየርላንዳውያኑ ቋንቋቸውንም ይዘው መጡ። አይሪሽኛ የሚናገረው ካህን ፒተር ጋላገር ከ1866 እስከ 1898 አገለገላቸው። ጋላገር፣ ቦይል፣ ቦነር የሚባለው ሰው ሲበዛ፣ አንዱን ከአንዱ የሚለዩት በቅጽል ነበር፤ «ጥቁሩ ጆን ቦነር» ብለው እንደሚጠሩት። በ1938 የ23 ዓመቱ አለን ሎማክስ ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዘፈን ሊቀዳ መጣ። መርፌው በሚሽከረከረው ሸክላ ላይ ድምፅ እየፈለፈለ፣ ፓትሪክ ቦነር ቫዮሊኑን ተጫወተ፤ ሌሎቹም ስለ መርከበኞችና ስለ ሐይቁ ማዕበል ዘፈኑ። ያ ድምፅ ዛሬም አለ።

ዓሣው ግን አልቆየም። ላምፕሬይ የሚባል፣ እባብ የሚመስል ፍጡር በመርከብ መተላለፊያ ቦዮች በኩል ወደ ሐይቁ ገባ። በክብ አፉ ዓሣ ላይ ተጣብቆ ደሙን ይመጥጣል። በ1940ዎቹ ትራውት የሚባለውን ትልቁን ዓሣ ጨረሰው፤ መረብ የሚጥሉት ቤተሰቦችም ተጎዱ።

ቢሆንም ዝምድናው አልተበጠሰም። አራንሞርና ቢቨር ዛሬ እህትማማች ደሴቶች ናቸው፤ አራንሞር ላይም ለቢቨር መታሰቢያ ቆሟል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። በቢቨር ዋናው መንገድ አሁንም «የንጉሡ አውራ ጎዳና» ነው። ሞርሞኖቹ ጋዜጣቸውን ያሳተሙበት ቤት ሙዚየም ሆኗል። የተነቀሉት አየርላንዳውያን ልጆች ከእነሱ በፊት የተነቀሉትን ስም አልፋቁም። እናንተም፣ የምትኖሩበት ሰፈር በፊት ማን ይባል እንደነበር፣ ማንስ ይኖርበት እንደነበር፣ አዛውንቶቹ ሳያልፉ ጠይቁ።