የኔዘርላንድ ሰፈሮች መንገዳቸውን ሲያስመልሱ

ኔዘርላንድ ዛሬ በብስክሌት ትታወቃለች፤ በ1960ዎቹ ግን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብስክሌት ከከተሞቿ እየተገፋ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገቢ ሲያድግ መኪና በዛ፤ ለመኪናው ሲባል ቤቶች ፈረሱ፣ አደባባዮች የመኪና ማቆሚያ ሆኑ። በ1967 አሜሪካዊው ዴቪድ ዮኪነን ለአምስተርዳም ባቀረበው ዕቅድ ሲንገልግራክት የተባለው ቦይ ተደፍኖ አውራ ጎዳና እንዲያልፍበት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ዕቅዱ ቀረ፤ የመኪናው ብዛት ግን አልተገታም። በ1971 በትራፊክ አደጋ ከሞቱት ወደ 3,300 የሚጠጉ ሰዎች ውስጥ ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ።

ሴት ልጁን በአደጋ ያጣው ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ በ1972 «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ፤ ርዕሱም ወዲያው የወላጆች ንቅናቄ መጠሪያ ሆነ። የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር፣ ኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል የሆነችው ማርቼ ፋን ፑተን ነበረች። ንቅናቄው አቤቱታ ከመጻፍ አልፎ መንገዱን ራሱን ለአንድ ቀን ይዘጋ ነበር። ነዋሪው ጠረጴዛ አውጥቶ በአስፋልቱ ላይ ማዕድ ይቋደሳል፣ ልጆች ይጫወታሉ፤ ፖሊስም ይተባበር ነበር። የከተማ ፕላን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ መኪና የሌለበት መንገድ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ፤ የዘዴው ብርታትም እዚህ ላይ ነው።

በአምስተርዳም ደ ፓይፕ ሰፈር ደግሞ ጥያቄውን ያነሡት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባ፣ ሕዝብ የታጨቀበት፣ መጫወቻ የሌለው ነበር፤ በጠባቦቹ መንገዶች ግራና ቀኝ መኪና ይደረደር ነበር። በ1972 ልጆቹ ፊርማ አሰባሰቡ፣ መንገድም በመከለያ ዘጉ። የቴሌቪዥን ባለሙያዎች በቀረጹት ፊልም ላይ የተቆጡ አሽከርካሪዎች ከነዋሪው ጋር ግብግብ ሲገጥሙ ይታያል። ከዚህ እንደሚታየው፣ ዛሬ የአገሩ ልማድ የሚመስለው ነገር ያለ ጠብ አልመጣም።

በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲከሠት መንግሥት ራሱ መኪና የማይነዳባቸው እሑዶችን አወጀ። የመጀመሪያው ኖቬምበር ወር ላይ ዋለ፤ ሕዝቡም በአውራ ጎዳና ላይ በእግርና በብስክሌት ተንሸራሸረ። በ1975 የተመሠረተው የብስክሌተኞች ማኅበር አደገኛ ቦታዎችን መመዝገብ ያዘ። አባላቱ ያለ ፈቃድ የብስክሌት መስመር በቀለም ያሰምሩ ነበር፤ ሲታሰሩ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ማዘጋጃ ቤቱም ለመስማት ይገደዳል። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ በመንግሥት ገንዘብ በዘ ሄግና በቲልበርግ ከተማ አቋራጭ የሙከራ የብስክሌት መንገዶች ተሠሩ።

የአንድ ቀኑ የመጫወቻ መንገድ ቋሚ መልክ የያዘው በዋናነት በዴልፍት ከተማ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ «ዎነርፍ» የሚባል የሰፈር መንገድ ተሞከረ፦ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ይወገዳል፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ይገባል፣ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ አሽከርካሪው ሳይወድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የ1976ቱ ደንብ ለዚህ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ፤ እግረኛ የመንገዱን ሙሉ ስፋት እንዲጠቀም፣ ልጆች እንዲጫወቱ፣ መኪና ከእርምጃ ፍጥነት እንዳያልፍ ወሰነ። ግንባታው ውድ በመሆኑ ግን ለሁሉም ሰፈር ሊዳረስ አልቻለም። በ1980ዎቹ ብዙ ሰፈሮች በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ገደብና ርካሽ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ይዘው ቀሩ።