ወንበርና ገበያ፤ ደመወዝ ያቆማቸው ከተሞች

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት መቀመጫው በአንድ ከተማ አልተወሰነም፤ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ ተከፋፈሉ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋምም ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላና ሌሎች ከተሞች የየድርሻቸውን ወሰዱ። ለአስተዳደር ምቾት ብቻ የሚያስብ ሰው አንድን መንግሥት እንዲህ በታትኖ አያስቀምጥም፤ ባለጉዳይ ከቢሮ ወደ ቢሮ ለመሄድ አውቶቡስ መሳፈር ይኖርበታልና። ታዲያ ለምን እንዲህ ሆነ? የክብርና የማንነት ጥያቄ እንደነበረበት አይካድም። ከሥሩ ግን የእንጀራ ጥያቄ አለ። በአገራችን የመንግሥት ቢሮ ማለት ለአንድ ከተማ ፋብሪካው ነው፤ ይህም ረጅም ታሪክ አለው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ዛሬ የምንጠቅሰው ስለ ሙስና ስናወራ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ግን ሹመትና መብላት በግልጽ የተሳሰሩ ነበሩ። ሹሙ በየወሩ የሚቆጠርለት ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚተዳደረው በጉልት ወይም በማደሪያ መሬት፣ ከገባሩ በሚገባለት እህል፣ ማርና ጉልበት ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው የከተሙበትን ሰፈር ያመለክት ነበር። በምኒልክ ዘመን በደቡብና በምዕራብ የተቆረቆሩት እንደ ጎሬና ጎባ ያሉ ከተሞች የዚህ ሥርዓት ልጆች ናቸው። ሹሙና ወታደሩ የገበሬውን ምርት ይበላሉ፤ ነጋዴውና ባለእጁ ደግሞ እነርሱን ተከትሎ ይሰፍራል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የዘመናዊው ቢሮ መሠረት ተጣለ። ይሁን እንጂ ደመወዝ በሥርዓት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ የዘለቀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገረ ገዥውን ከማዕከል ደመወዝ የሚቆረጥለት፣ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነ ሹም አደረገው። ጉልት በአዋጅ የተሻረው ግን በ1958 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ከሃያ ዓመታት በላይ አሮጌው አበላልና አዲሱ ደመወዝ ጎን ለጎን ሄዱ።

ደመወዝ ለጠቅላይ ግዛት ከተማ ያመጣለት ነገር ምን ነበር? በየወሩ የሚመለስ ጥሬ ገንዘብ ነው። የገበሬው ገቢ መኸርን ይጠብቃል፤ ዝናብ ቢቀር እርሱም ይቀራል። ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ፖሊሱና የጤና ረዳቱ ግን ክረምት ከበጋ የታወቀ ገቢ አላቸው። ባለሱቁ ዱቤ የሚሰጠው ይህንኑ ተማምኖ ነው። ባለቤቱ በጓሮው ተጨማሪ ክፍል ሠርቶ ያከራያል፤ ልብስ ሰፊው፣ ምግብ ቤቱና ጠላ ሻጯ ደንበኛ ያገኛሉ፤ የገጠሯ ሴት ቅቤና ዶሮዋን የምትሸጥለት አይጠፋም። ወር ሲደርስ ደመወዙ በቀናት ውስጥ በብዙ እጅ ይዞራል። ቢሮው የቀጠረው አንድን ሰው ነው፤ በዚያ ሰው ደመወዝ የሚያድሩት ግን ብዙዎች ናቸው።

ወንበሩ ሲነሳስ? ጨንቻ የገሙ ጎፋ መቀመጫ ነበረች፤ በ1950ዎቹ አርባ ምንጭ ከታች በሐይቆቹ አጠገብ ተቆርቁራ መቀመጫውን ወሰደች። ይርጋለም የሲዳሞን ወንበር ለአዋሳ ለቀቀች። ጎሬ በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን በሚወርደው ቡና የደመቀች፣ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ የወንዙ ንግድ ተቀዛቀዘ፣ ወንበሩም ወደ መቱ ሄደ። የአፋር ክልል መቀመጫም ከአሳይታ ወደ ሰመራ ዞረ። እነዚህ ከተሞች አልሞቱም፤ የጨንቻ ዙሪያ ሸማኔ ዛሬም ጥበቡን ይዟል፤ የይርጋለም ቡናም አለ። የቀረላቸው ግን ሹመት ያልሰጣቸውና ሽረት ሊወስድባቸው የማይችል ሀብታቸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የጎጃም ታሪክ ይመስለኛል። የጠቅላይ ግዛቱ ወንበር በደብረ ማርቆስ ሳለ፣ ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የቆመ የፖሊቴክኒክ ተቋም አገኘች። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአማራ ክልል መቀመጫ ስትሆን ወንበሩ የመጣው ሥራ ወዳለበት ከተማ ነበር። ወንበሩ ባሕር ዳርን እጅግ አሳድጓታል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ያገኛት ባዶ እጇን አልነበረም።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ክልሎች የራሳቸውን ሠራተኛ የሚቀጥሩ መንግሥታት ሆኑ፤ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጀት በጥቅሉ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። መምህርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ገጠር ድረስ መግባታቸው የዚህ ፍሬ ነውና ሊናቅ አይገባውም። ሌላው ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ የብዙ ወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ሆነ፤ ለመንገድና ለውኃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የተማረ ወጣት ሁሉ ዓይኑ ቢሮው ላይ አረፈ፤ ወረዳና ዞን እንሁን የሚለው ጥያቄም በረከተ። እያንዳንዱ አዲስ መዋቅር አዲስ የደመወዝ መዝገብ ይከፍታልና።

ዛሬ ይህ መሠረት እየሳሳ ነው። በአገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዝቅተኛው ደመወዝ በ2017 ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ያድጋል፤ የጤፉና የቤት ኪራዩ ዋጋ ግን አይጠብቀውም። የመምህሩ ደመወዝ ሲሟሽሽ የሚጎዳው መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ባለሱቁም የዱቤ መዝገቡን ይዘጋል፤ ቅቤ ይዛ የመጣችው ሴትም ሳትሸጥ ትመለሳለች።

ደመወዝ ሀብትን ያዘዋውራል፤ ሀብትን የሚፈጥረው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ቢሮ የደረሳቸው ከተሞች በደስታቸው መካከል አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ መልካም ነው፦ ይህ ወንበር አብሮን ሳለ ምን እንትከልበት? ጥያቄው የማያሳስበው ሰው ቢኖር ወደ ጎሬ ጎራ ይበል። ትናንት የአንድ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች።