ደቦና ሁዳድ፤ የገባሩ የሥራ ቀን

ስለ ኢትዮጵያ የገጠር ታሪክ ከተጻፈው አብዛኛው የመሬት ስሪትንና የግብርን ዓይነት የሚመለከት ነው። ጋሻው በቀላድ ተለክቷል፤ አሥራቱ በቁና ተሰፍሯል። የገባሩ የሥራ ቀን ግን በመዝገብ እምብዛም አልሰፈረም። ሆኖም በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከአርሶ አደሩ ከተወሰደበት ሁሉ ውዱ ይኸው ቀን ነበር።

በዝናብ ለሚለማ ማሳ ቀናት ሁሉ እኩል ዋጋ የላቸውም። ለጤፍ መሬቱ ተደጋግሞ መታረስ አለበት፤ የዘር ወቅት ካለፈም ሰብሉ ሳይደርስ ዝናሙ ያቆማል። አረሙና አጨዳው የራሳቸው ጊዜ አላቸው። ሕዝቡ ለዚህ ጥድፊያ መፍትሔ ሲሻ የጉልበት መረዳጃ ሥርዓት አበጀ። በወንፈል ጎረቤታሞች ቀን ለቀን ይበዳደራሉ፤ በደቦ ባለማሳው ጠላና እንጀራ አሰናድቶ ብዙ እጅ በአንድ ቀን ያሰባስባል። ዛሬ የሠራ፣ ነገ ይሠራለታል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የአፄ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ከዘለቀ በኋላ የተዘረጋው የገባር ሥርዓት ይህንኑ ጉልበት ለሌላ ጥቅም አዋለው። ለወታደሩና ለሹማምንቱ በገንዘብ ደመወዝ ከመክፈል ይልቅ እንደየማዕረጋቸው ገባር ተመደበላቸው። ገባሩ የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ያቀርባል፤ ጌታው መንገድ ሲወጣ ስንቅ ይሸከማል። ሚስቱ ደግሞ የጌታውን እህል በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች። በሰሜኑም ባለጉልቱ ከአርሶ አደሩ የሥራ ቀን ይጠይቅ ነበር፤ ነገር ግን የሰሜኑ ባላገር በዘር የወረሰው ርስት ነበረው። ከደቡቡ ገባር ብዙው መሬቱንም ተነጥቆ ጉልበቱን ገብሯል።

የሥርዓቱ ጭካኔ የሚጎላው ከወቅቱ ጋር ሲታይ ነው። ዝናሙ በጌታው ሁዳድና በገባሩ ማሳ ላይ እኩል ይዘንባል። ቅድሚያ የሚታረሰው ግን ሁዳዱ ነው። በሐምሌ የተወሰደ አንድ ቀን በጥር ጎተራ ውስጥ የሚጎድል እህል ይሆናል። ስለዚህ ገባሩ የሚከፍለው ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንድ ጊዜ በጉልበቱ፣ ሁለተኛ በራሱ ማሳ ምርት መቀነስ።

የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ ገበያ በስፋት ቢጓዙም የምርቱ መሠረት ያው የአርሶ አደሩ ጉልበት ነበር። ከዘመኑ ምሁራን ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን አስረድቷል። የገባር የጉልበት ግዴታ በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ በሕግ ቢሻርም ጭሰኝነት ቀጠለ፤ የእኩልና የሲሶ አራሹ ምርቱን ማካፈሉን የተወው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ይህ ታሪክ ለመምህሩም ሆነ ለሠዓሊው አንድ ጥያቄ ያቀርባል። በአንድ ማሳ ላይ ተሰልፈው የሚያጭዱ ሰዎች ሥዕል ደቦን ያሳያል ወይስ ሁዳድን? ማጭዱ አንድ ነው፤ ላቡም አንድ ነው። ልዩነቱ ቀኑ ለሠራተኛው ተመላሽ መሆኑና አለመሆኑ ነው። ሥራን የሚያወድስ ጥበብ ይህንን ልዩነት ከዘነጋ ግዳጁን ከመረዳዳት ጋር ቀላቅሎ ያወድሳል። የሥራ ዘፈኖችንና የሽማግሌዎችን ትረካ ስንሰበስብም ዜማውን ብቻ ሳይሆን የማሳውን ባለቤት ጭምር እንመዝግብ።